በገና ሰሞን ብርድ ባሌ ላይ መኪና ውስጥ ለማደር ለጠየቁን አባል

ጠያቂያችን የአዳማ ነዋሪ መሆንዎን፣ የኋላ ወንበሮቹን አስነቅለው አልጋ ባስገጠሙለት አባዱላ ከባለቤትዎና ከሁለት ልጆችዎ ጋር የገናን ሰሞን በባሌ ተራሮች ለማሳለፍ ማሰብዎን ገልጸው፣ ሌሊቱን ለመሞቅ ትንሽ የከሰል ምድጃ መያዝ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ አዳማ የምኖርና በኅዳርና በጥር መካከል በተመሳሳይ መኪና ወደዚያው የምመላለስ ሰው ስለሆንኩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው የመጨረሻውን ጥያቄዎን ነው። ምድጃውን ለቡና ከፈለጉት ይያዙት፤ ከመኪናው ውስጥ ግን አንድም ጊዜ እንዳይገባ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰም እንኳ አካሉ አየር ያጣል። ብዙዎቻችን ጭሱ አልቆ ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላ ከሰል አይጎዳም ብለን እናምናለን። ጭሱ መጥፋቱ ግን ጋዙ መጥፋቱን አያሳይም፤ በርና መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ የላሜራ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥቂት ፍም ለአራት ሰው ሕይወት አደገኛ ነው። ተራራ ላይ አንድ ተጨማሪ ክፋት አለው። ጋዙ የሚያመጣው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከፍታ ከሚያመጣው ሕመም ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ሰውየው «ከፍታው ነው፣ ተኝቼ ስነቃ ይለቀኛል» ብሎ ይተኛል። ሞተር አስነስቶ ማደርም፣ የጋዝ ምድጃ ለኩሶ መኪናውን ማሞቅም ከዚሁ አደጋ አያመልጡም። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ሙቀት ለመፍጠር አይድከሙ፤ የሚያዋጣው የራሳችሁ ገላ የሚያመነጨው ሙቀት እንዳያመልጥ ማድረግ ነው።

ብርዱ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሳነቴ ከአዳማ ጋር ሲነጻጸር ገና በከፍታው ብቻ ከ13 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። በበጋ ደግሞ ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት በሙሉ ትለቀዋለች። ቀን ፀሐዩ ቆዳ እየለበለበ፣ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ክረምቱ ከወጣ ብርድ የለም ብሎ ቀለል ያለ ልብስ ይዞ የሚወጣ የቆላ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መኪና ውስጥ ብርዱ በዋነኛነት የሚገባው ከወለሉና ከመስታወቱ ነው። ከፍራሹ በታች ባዶ ላሜራ ካለ የቱንም ያህል ብርድ ልብስ ቢደርቡ ጀርባዎ አይሞቅም፤ ምክንያቱም ስፖንጁ በሰውነት ክብደት ሲጨመቅ ሙቀት የሚይዘው አየር ከውስጡ ይወጣል። ስለዚህ ከላይ የሚያለብሱትን ያህል ከሥር ያንጥፉ። ከላሜራው ላይ ጣውላ፣ በላዩ ድርብ ካርቶን፣ ከዚያ ሰሌን፣ ከዚያ ፍራሹን ማድረግ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅና ውጤቱ በመጀመሪያው ሌሊት የሚታይ ሥራ ነው። መስታወቶቹን ደግሞ በልካቸው በተቆረጠ፣ አንድ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ወፍራም ፎም ከውስጥ ይድፈኗቸው። የፊት መስታወቱን እንዳይረሱት፤ ትልቁ የብርድ በር እርሱ ነው። ከአልጋው እስከ ሹፌሩ ወንበር ያለውን ክፍት ቦታ በወፍራም መጋረጃ ቢከፍሉት፣ አራታችሁ የምታሞቁት አየር ያንሳል።

ከልብስ ወገን ለዚህ ጉዞ ከሱፍ የሚበልጥ አላገኘሁም። ባና ወይም ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ ከውጭ፣ ጋቢ ከውስጥ ይሁን። ጋቢ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጥሩ ነው፤ ጥጥ ግን እርጥበት ሲነካው ሙቀት መያዙን ያቆማል። ልጆቹ ቀን የለበሱትን ልብስ እንደለበሱ እንዳይተኙ፣ ላብ የያዘው በደረቅ ይቀየርላቸው፤ ካልሲና ኮፍያም አይቅሩ። ከእራት በኋላ የፈላ ውኃ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ያደርሳል፤ ከከሰል ምድጃው ይልቅ የምመርጥልዎ ይህን ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ሲያበቁ ግን መኪናውን ጨርሰው እንዳያፍኑት። አራት ሰው በእስትንፋሱና በላቡ ሌሊቱን ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል፤ ያ እርጥበት መውጫ ካጣ በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠብና ብርድ ልብሱን ያርሳል፣ በሁለተኛው ሌሊትም እርጥብ አልጋ ላይ ይተኛሉ። በግራና በቀኝ አንዳንድ መስኮት በጣት ስፋት ከፈት ይበል። ብርድ ያስገባል ብለው እንዳይፈሩ፤ ደረቅ ቀዝቃዛ አየር ከእርጥብ ሙቅ አየር ይሻላል። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ፍራሹን አንስቶ ሁሉንም ማስጣት ደግሞ የቁርስን ያህል የየዕለት ሥራ መሆን አለበት።

ወደ መኪናው ልመለስ። አዳማ ውስጥ ራዲያተር በቧንቧ ውኃ ሞልቶ መንዳት የተለመደ ነው፣ ቆላ ላይም ወዲያው የሚታይ ችግር አያመጣም። ውኃ ግን ወደ በረዶነት ሲቀየር መጠኑ በመቶ 9 ያህል ስለሚጨምር፣ በአንድ የውርጭ ሌሊት ራዲያተሩን፣ ከከፋም የሞተሩን ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት ውኃው በሙሉ ተደፍቶ፣ ኩላንት (ውኃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከለው ፈሳሽ) እና ንጹሕ ውኃ ግማሽ በግማሽ ተደባልቆ ይሞላ፤ በነበረው ውኃ ላይ ጥቂት ኩላንት ጨምሮልዎት «ይበቃል» የሚልዎትን መካኒክ እሺ አይበሉት። ባትሪ በዜሮ ዲግሪ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ያረጀ ከሆነ እዚሁ ይቀይሩት፣ ማታ ለመብራትና ለስልክ የሚጠቀሙበትንም ባትሪ ከሞተሩ ይለዩት። ናፍታም ብርድ ሲበዛበት ሰም የመሰለ ነገር ስለሚያወጣ ፊልትሮው አዲስ ይሁን።

የማደሪያ ቦታን በተመለከተ የጸና ምክር አለኝ፤ ሳነቴ ላይ አይደሩ። ከአዳማ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርገው ዲንሾ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ከቆላ ተነስቶ በዚያው ሌሊት 4,000 ሜትር ላይ መተኛት ለልጆች አይሆንም። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ፣ በፓርኩ ግቢ ፈቃድ ከፍለው ይደሩ፤ ደጋ አጋዘኑን ጠዋት እዚያው አካባቢ ያዩታል። ቀጥሎ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ጎባ ወርደው ጥበቃ ባለው የሆቴል ግቢ መኪናውን ማቆም ነው። ሳነቴን ከጎባ በጠዋት ወጥተው በቀን ይዩትና ከጨለማ በፊት ይውረዱ። ከመካከላችሁ አንዱ ራሱን ካመመውና ካስመለሰው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ እስኪሻለው ብላችሁ እዚያው አትጠብቁ።

ሳነቴ ላይ መንገዱ 4,377 ሜትር ከሚደርሰው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ አጠገብ ያልፋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ገደማ ብቻ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው፣ መንገዱንም ይሻገራል። እባክዎ እጅግ ቀስ ብለው ይንዱ። የቤት ውሻ ደግሞ ፈጽሞ ይዘው እንዳይሄዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላልፎ ብዙዎቹን የፈጀበት ጊዜ አለ። ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሀብታችን ነውና ከፎቶ በፊት የእንስሳቱ ደኅንነት ይቅደም። ከአምባው ወደ ሐረና ደን ከወረዱ ቁልቁለቱ ጠመዝማዛና ረጅም ስለሆነ፣ ገና ከአፋፉ በከባድ ማርሽ ይግቡ፤ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መልቀቅ ወይም ፍሬን ላይ ብቻ መተማመን ፍሬኑን አግሎ ያሳጣል። ደኑ ውስጥ ሌሊቱ ከሳነቴ እጅግ የለሰለሰ ነው፤ እርጥበቱ ግን ስለሚበዛ መስኮት ከፍቶ ማደሩ እዚያም አይቀርም።

ስለ መመለሻው ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር። በመጡበት ከመመለስ ከዶዶላ ወደ ሻሸመኔ ታጥፈው ሐዋሳ አንድ ሌሊት ቢያድሩ፣ ልብሱና ፍራሹ ሐይቁ ዳር በደንብ ይደርቅልዎታል። እዚያ ግን ጠላትዎ ብርድ መሆኑ ቀርቶ የወባ ትንኝ ስለሚሆን፣ ለተከፈቱት መስኮቶች የሚሆን አጎበር በልካቸው አስቆርጠው ከአዳማ ይዘው ይውጡ።