ሥልጠናውን ለ2,000 ብር ብለሽ አትተዪው

እህቴ፣ እንደ ጻፍሽልኝ በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሽ ሁለት ሥራ አግኝተሻል፤ የትኛውን ልያዝ ብለሽም ጠይቀሻል። አንደኛው ድርጅት መጀመሪያ የአምስት ቀን የሥራ ላይ አደጋ ግምገማ ሥልጠና ይሰጥሻል፤ ሌላው በወር 2,000 ብር ጨምሮ «ነገውኑ ሳይት ግቢ» ይልሻል። ታላቅ ወንድምሽም «ሥልጠና ሆድ አይሞላም» ብሎሻል።

ወንድምሽ ተሳስቷል። ቤቱ ደመወዝሽን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት መጠበቅ ያለበት ያንቺ ጤና ነው። ደግሞም ጀማሪ መሐንዲስ የምትሸከመው የራሷን ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ጉድጓድ የምታስወርዳቸው የቀን ሠራተኞችም አሉ።

የመጀመሪያ ሥራሽ የመሠረት ቁፋሮ፣ አፈሩም ዋልካ መሆኑን ጽፈሻል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው የቁፋሮ ግድግዳ ሌሊቱን ከዘነበ ሊናድ ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ደግሞ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል።

በደንብ የሠለጠነ ሰው ሥራውን ይከፋፍለዋል፦ መቆፈር፣ አፈር ማውጣት፣ መውረድ፣ ፌሮ ማሰር። በእያንዳንዱ ማን፣ በምን ሊጎዳ እንደሚችል ይጽፋል። ከዚያ ለመከሰት ዕድሉና ለጉዳቱ ክብደት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥቶ ያባዛል። የመናድ ዕድሉ 3፣ ጉዳቱ 5 ከሆነ ከ25 15 ይመጣል፤ ይህ ከፍተኛ ስለሆነ መፍትሔ እስኪገኝ ማንም አይወርድም። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ሄልሜት አድርገዋል» ብለው ነጥቡን ይቀንሳሉ። ሄልሜት ከመቀበር አያድንም! ነጥቡን የሚቀንሰው ግድግዳውን አዘንብሎ መቁረጥ ወይም መደገፍ፣ የወጣውን አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ማራቅ፣ ገልባጭ መኪና እንዳይጠጋ ማድረግ ነው፤ መሰላልም ከሠራተኛው ሳይርቅ ይቆማል። የአደጋ መከላከያ ልብስ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። ሌላው ጥፋት ያለፈውን ፕሮጀክት ቅጽ ገልብጦ ቀኑን ብቻ መቀየር ነው። ቁፋሮ በየማለዳው፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ እንደገና ይታያል።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፦ ሥልጠናው ሳይት ያወጣናል? ቅጹን ራሳችን እንሞላለን? አደጋ ያየ ሠራተኛ ሥራውን ማስቆም ይችላል? መልሱ ስላይድና ሰርተፊኬት ብቻ ከሆነ የወንድምሽ ክርክር ይጠነክራል። ሁለተኛውን ድርጅትም አትፍሪው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ጥንቃቄ እንዲያስተምር ያስገድዳል። ሥልጠናውን በውሉ ላይ ካሰፈሩልሽ ብሩን እንደገና ማመዛዘን ትችያለሽ። እምቢ ካሉ ግን ተያቸው።

ስለ ሌሎቹ ጥያቄዎችሽ ደግሞ፦ ልትማሪ ያሰብሽው ማስተርስ ሁለት ዓመት ይቆይ። «ሴት ለሳይት አትሆንም» የሚልሽን አትስሚ፤ የእግርሽ ልክ የሆነ ሴፍቲ ጫማ ግን አጥብቀሽ ጠይቂ። የቢሮ ሥራም ቢያምርሽ ከሳይት በኋላ ብትይዢው ይሻላል፤ ቁፋሮ ያላየ መሐንዲስ የሚያወጣው ዋጋና የጊዜ ሰሌዳ መሬት ላይ አይሠራም። የጻፍሽልኝ የቤት ኪራይ ጭንቀት እውነት ነው፤ ከመጀመሪያው ድርጅት የትራንስፖርት አበል ጠይቂ።

መልስ የምትሰጪው ሰኞ ከሆነ፣ ቅዳሜ የሁለቱንም ሳይት ሄደሽ እዪ። ሰዎች ገብተው በሚሠሩበት ጉድጓድ መሰላል ከሌለ፣ የተቆፈረው አፈርም ከአፋፉ ላይ ከተከመረ፣ እዚያ አትፈርሚ።