ከጣትሽ በፊት ከሆድ ጀምሪ

እህቴ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለተማሪነት ልምምድ ማዋለጃ ክፍል ልትገቢ እንደሆነ ጽፈሻል። «የማህፀን በር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተ በጣቴ አይገባኝም፣ ከየቱ ልጀምር?» ነው ጥያቄሽ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሚድዋይፍ ነኝ። ከሆድ ጀምሪ እልሻለሁ።

ስንገባ ሁላችንንም የሚያጓጓን ሕፃኑን መቀበል ነው። ሎግቡኩም፣ ማለትም የተማሪ የልምምድ መዝገቡ፣ የሚቆጥረው እሱን ስለሆነ ጭንቅላት ብቅ ሲል ተማሪ ሁሉ ጓንት ለማጥለቅ ይሽቀዳደማል። ምጡ ደህና ከሆነ ግን ያ ክፍል ቀላሉ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሰዓታትና ከዚያ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው ሥራው።

እናትየዋ ሽንቷን ትሽና፣ አንቺም እጅሽን አሙቂ። ከዚያ ሆዷን እየዳበስሽ ራስሽን ጠይቂ። ላይኛው የማህፀን ጫፍ ላይ ያለው ምንድን ነው? ጀርባው በየት በኩል ነው? ታች ያለው ዳሌ ውስጥ ምን ያህል ገብቷል? ጭንቅላት ክብና ጠንካራ ነው፤ መቀመጫ ለስለስ ይላል። ጀርባውን ካገኘሽ በኋላ ፌቶስኮፑን (የጽንሱን የልብ ምት ማድመጫውን) የት እንደምታስቀምጪ ለራስሽ ወስኚና እዚያው አድምጪ። የልብ ምቱ ከተሰማሽ እጅሽ ልክ ነበር ማለት ነው። ካልተሰማሽ ፌቶስኮፑን እያንቀሳቀስሽ አትፈልጊ፤ ወደ ሆዱ ተመልሰሽ እንደገና ዳብሺ። ስትቆጥሪ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ደህናው ከ110 እስከ 160 ነው። በሌላው እጅሽ የእናትየዋን የእጅ ትርታ ያዢ፣ የእሷን ቆጥረሽ የልጁ ነው እንዳትይ።

አሁን ወደ ፈራሽው። ቤት ቁጭ ብለሽ ሁለት ጣቶችሽን ገጥመሽ፣ ከዚያ ትንሽ በትንሽ እየከፈትሽ ማስመሪያ ላይ ለኪ። የእኔ ጣት ወርድ ከአንቺ ጋር አንድ አይደለም፣ ስለዚህ የሌላ ሰው «ሁለት ጣት» አይጠቅምሽም። ምርመራው ላይ ያገኘሽውን ቁጥር ሲኒየሯን ከመጠየቅሽ በፊት ወረቀት ላይ ጻፊ። ሰምተሽ «እኔም እንደዚያው ነው» ካልሽ እጅሽ መቼም አይማርም። ለመለማመድ ብለሽ ግን ደጋግመሽ አትመርምሪ፤ ደህና ምጥ ላይ በየአራት ሰዓቱ ይበቃል፣ ኢንፌክሽን አለ።

እኔ ተማሪ ሆኜ አንዲትን እናት «ሙሉ ተከፍቷል» ብዬ እንድትገፋ አድርጌያለሁ። የማህፀን በሩ ጠርዝ ሳስቶ ጭንቅላቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የተከፈተው ሰባት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ሲስተር መጥታ እስክታስቆመኝ ድረስ እናትየዋ በከንቱ ደከመች፣ የማህፀን በሩም አብጦ ነበር። «ቀዳዳውን አትፈልግ፣ ጠርዙን ፈልግ» አለችኝ። ዙሪያውን ሁሉ ዳስሰሽ ጠርዝ ሲጠፋ ነው አሥር የሚባለው።

ደግሞ ፈቃድ ጠይቂ። እኔ ወንድ ስለሆንኩ አማት በር ላይ ቆመው «ሴት የላችሁም ወይ?» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር። ኋላ ስሜን ነግሬ፣ የማደርገውን አስቀድሜ አስረድቼ፣ እሺ ስትለኝ ብቻ፣ ያውም ምጡ ጋብ ሲል መመርመር ስጀምር ምርመራው ራሱ ቀለለ። የተጨነቀች እናት ሰውነቷን ትቋጥራለች፤ ያኔ ጣትሽም ምንም አይነግርሽም።

ፓርቶግራፉን፣ የምጡ ሂደት የሚመዘገብበትን ቅጽ፣ ከወሊድ በኋላ ቁጭ ብሎ መሙላት የብዙዎቻችን በሽታ ነው። ሳይዘገይ ካልተሞላ ምጡ መጓተቱን አይነግርሽም።

ልጁ ሲወለድ ቤቱ እልል ይላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ተማሪም ሕፃኑን ከቦ ይስቃል። እናት የምትደማው ግን ያኔ ነው። ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት፣ ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭኗ ላይ ትወጊያለሽ፣ ከዚያ በፊት ግን ሆዷን ዳብሺ። እኔ መርፌ ይዤ ስቀርብ ሲስተር እጄን ይዛ «ሌላ ልጅ እንደሌለ በምን አወቅህ?» ብላኝ ታውቃለች። መንታ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ግን ሳልዳብስ አልወጋም። እትብቱን ስትስቢ ማህፀኑ ሲኮማተር ብቻ ይሁን፣ ግራ እጅሽም ከብልቷ አጥንት በላይ ማህፀኑን ወደ ላይ ደግፎ ይያዝ። ዝም ብሎ መጎተት ማህፀን ሊገለብጥ ይችላል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ገልብጠሽ እዪው፣ የጎደለ ቁራጭ ካለ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ከዚያ ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው ማህፀኑን ዳብሺ፣ ጨርቁንም ገልጠሽ እዪ። ማህፀኑ እንደ ኳስ ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከላላ ማህፀኑን እያሸሽ ሰው ጥሪ።

አምቡ ባጉን (አየር መስጫ ከረጢቱን) እና ማስኩን ጭንቅላት ከመታየቱ በፊት ሞክሪው። ሕፃኑን ጠርገሽ አሽተሽው ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር መስጠት ትጀምሪያለሽ፤ ያኔ ማስክ ፍለጋ መሳቢያ የምትከፍቺበት ጊዜ የለም። አሻንጉሊቱ ላይ ስትለማመጂ ደረቱ ከፍ ማለቱን እንጂ እጅሽን አትዪ።

የሥራ ሰዓት ሲደለደል የሌሊቱን ፈረቃ ምረጪ፤ ተማሪ ስለሚቀንስ ሲኒየሮቹ ያስተምሩሻል። ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ሳትይዢ ግን አትግቢ።