እንዴት አወቁት ብላችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በስታትስቲክስ ሙያ ነው። በ1976ቱ፣ በ1987ቱና በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቶች ሲያገኙኝ የትኛውን ሶፍትዌር ብንማር ይሻለናል ይሉኛል። እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያስተምራችሁ አይጠፋም። እኔ ስለ እናቴ ላውራችሁ፤ ስሌት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እሷ ጋ ነውና።

እናቴ የመሪጌታ ልጅ ነበረች። አያቴ ደቀ መዛሙርቱን ሲያስተምሩ እሷም ከወንዶቹ ጋር ፊደል ቆጠረች፣ ዳዊት ደገመች። ከዚያ ወንዶቹ ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት ሲሄዱ እሷ ተዳረች። ይህን ሳወራ «የድሮ ሰው ጨዋ ነበር» እያሉ የሚያደንቁ አሉ። እኔን ይቆጨኛል እንጂ አይደንቀኝም። ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ለወንድ ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተምረዋል። መንገዱ ላልተከለከለች ሴት የማይደረስበት ነገር አልነበረም ማለት ነው። እናቴ ከአባቷ ቤት ይዛው የወጣችው ትልቁ ዕውቀት ባሕረ ሐሳብ ነበር፤ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት።

ኪዳን ሳታደርስ ቡና አትጠጣም። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ስትደግም እግሩ የተሰበረውን መነጽሯን በጥቁር ክር አስራ ጆሮዋ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ አዲስ ብንገዛላትም «ይሄ ለምዶኛል» እያለች መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ካላንደር ይሰጠናል፤ እሷ ግን ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምንና ፋሲካን ራሷ ሳታሰላ ካላንደሩ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ሲታወጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከእሷ ሒሳብ ጋር ታስተያያለች።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ1971 ዓ.ም. ነው፣ ቤታችን የመጣው መዝጋቢ ልጅ ትምህርት ቤት ገብተው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለች። ካልተማሩት ጋር መዘገባት። አልተቆጣችም፤ «ጥያቄው እንደዚያ ነው፤ ልጁ ምን ያድርግ» አለች። በኋላ መጠይቅ የማዘጋጀት ሥራ ሲደርሰኝ ይህችን አባባሏን ብዙ ጊዜ አስቤያታለሁ።

ቆጠራ ላይ ከባዱ ጥያቄ ዕድሜ ነው። ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ሠላሳ፣ አርባ፣ አርባ አምስት ይላል፤ 0 እና 5 ላይ ያለቅጥ ይከመራል። ለዚህ ነው ቆጣሪዎች የታወቁ ክስተቶችን ዝርዝር የሚይዙት፦ ጣልያን ሲገባ፣ ጃንሆይ ሲመለሱ እያሉ ለማስታወስ። እናቴ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝና «ዕድሜዋን ለምን ትጠይቃታለህ? በየትኛው ወንጌላዊ እንደተወለደች ጠይቃት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ይዞራሉና ከአንድ ትልቅ ክስተት ጋር ሲገናኙ ዓመቱ ራሱ ይወጣል። «ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ሉቃስ» ያለች እናት 1935 ማለቷ ነው፤ መመለሳቸው በ1933፣ በማቴዎስ ነበርና። እናቴ ራሷ «ጣልያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በነበረው ማርቆስ» ትል ነበር፤ 1926 ነው።

አሜሪካ ያለችው የልጅ ልጇ ሠርጓን እዚህ ልታደርግ አሰበችና ሁለት ዓመት ቀድማ አዳራሽ ታፈላልግ ነበር። ቀኑን ሚያዝያ 19 ቀን 2016 አድርጋዋለች፤ ቅዳሜ ነው። ስልኳ ፋሲካ ማርች 31 ነው ብሏታል፤ በእኛ መጋቢት 22 መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጾሙ ካለቀ ወር ሊሆነው ነው ብላ ተረጋግታለች። እናቴ ይህን በስልክ ሰማችና «ቆይ ቆይ» ብላ መቁጠሪያ ሽንብራ አስመጣች።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው 5500 ዘመን ላይ 2016 ሲደመር 7516። ያንን በ19 ገደፈችው፣ ማለትም አካፍላ ትራፊውን ብቻ ያዘች፤ 11 ተረፈ። አንዱን ስትተው 10፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዝታ በ30 ስትገድፍ 10፤ ይህ መጥቅዕ የሚባለው ነው፣ ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት ላይ ይውላል፤ ጥቅምት 10 ደግሞ ቅዳሜ። ለእያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ጭማሪ ቁጥር አለው፤ የቅዳሜው 8 ነውና ከመጥቅዑ ጋር ሲደመር መባጃ ሐመር የሚባለው 18 ይሆናል፤ ነነዌ የካቲት 18 ትገባለች። 18 ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ስትጨምር 27፤ ትንሣኤ ከነነዌ ሁለት ወር አልፎ ነውና ሚያዝያ 27። «የኔ ልጅ፣ ሠርግሽ የሆሣዕና ዋዜማ ላይ ነው፤ እንግዶችሽን ሽሮ ልታበያቸው ነው?» አለቻት። የፈረንጅ ፋሲካና የእኛ በዚያ ዓመት አምስት ሳምንት ተራርቀው ነበር። ስልኩ አልዋሸም፤ የሌላ ሰው ፋሲካ ነው የነገራት። ሠርጉ ወደ ግንቦት ተዛወረ፤ እናቴም ደርሳበት ጨፈረች። በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በ90 ዓመቷ አረፈች።

የምመክራችሁ ይህንኑ ነው፦ አያቶቻችሁን መርቁኝ ከማለት አልፋችሁ እንዴት አወቁት ብላችሁ ጠይቋቸው። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» አትበሉ፤ እንደዚያ ሲባሉ አጭሩንና የተለመደውን ነው የሚነግሯችሁ። ጠላ ሲጠነስሱ ጌሾውን በምን መጠን እንደሚያደርጉ፣ የዕቁብ ሒሳብ ያለ ደብተር እንዴት እንደሚይዙ፣ የክርስትና ቀን ከምን ተነስተው እንደሚቆጥሩ ጠይቁ፤ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ጠይቁ። በስልካችሁ ቅረጹ፣ እሱ ይጠቅማል፤ ግን ቀድታችሁ ብቻ አትሂዱ፣ እዚያው ፊታቸው ሞክሩት። ሲያርሟችሁ ነው ዋናው ነገር የሚወጣው፤ ለእነሱ ግልጽ ስለሆነ ሳይናገሩት ያለፉት ያኔ ይገኛል። እኔ ተውሳኩን በቃሌ የያዝኩት ሐሙስን በአርብ ስለዋውጥ በመቋሚያዋ ጫፍ ጉልበቴን እየነካች ስላረመችኝ ነው፤ ሐሙስ 3፣ አርብ 2።

መሥሪያ ቤት ስትገቡም ያው ነው። ኮምፒውተሩ ያወጣላችሁን ሠንጠረዥ ከማቅረባችሁ በፊት አንዱን ረድፍ በእጃችሁ አስሉት፤ አንድ ረድፍ ይበቃል። አለቃችሁ ጊዜ ታባክናላችሁ ሊል ይችላል፤ ይበል።

የቀሩትን ተውሳኮች ልስጣችሁ፦ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ መስከረም ላይ ይውላል፣ ነነዌም ጥር ላይ ትሆናለች፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ 30ውን ጥላችሁ ወደሚቀጥለው ወር ተሻገሩ። የ2020ን ፋሲካ አውጡና አጠገባችሁ ላሉት ለሚያውቁ እናት ወይም አባት አሳዩ። ካላንደሩ ገና አልታተመም።