ግላጎሊቲክን በሲሪሊክ ተክቶ መጻፍ ያዋጣል?

ጠያቂያችን ከአንድ የክሮኤሺያ የብራና መጽሐፍ ፎቶ ላይ የግላጎሊቲክን (የጥንት ስላቮች ጽሕፈት) ፊደላት ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ አንዳንዶቹ ባዶ ሣጥን እየሆኑ ስላስቸገሯቸው፣ ሁሉንም በሲሪሊክ (ዛሬ ሩሲያኛ በሚጻፍበት ጽሕፈት) ተክተው ቢጽፉ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህንኑ አቋራጭ ቀደም ሲል ሞክሬ የብዙ ሳምንት ሥራ ስላበላሸብኝ፣ እንዳይሞክሩት እመክራለሁ።

ከሣጥኑ ልጀምር። ፊደሉ በትክክል ተጽፎ እያለ የሚስለው ፎንት ሲጠፋ ሣጥን ይታያል። ግላጎሊቲክ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ያን ጊዜ 47 ፊደላት እያንዳንዳቸው በትልቅና በትንሽ ቅርጽ ተመዘገቡ። ቃል ሲያጥር ከሌላው ፊደል አናት ላይ የሚጻፉት 38 ትንንሽ ፊደላት ግን የተጨመሩት በ2016 ነው፤ በ2021 ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንድ ገብቷል። ስለዚህ የቆየ ፎንት ዋናዎቹን ፊደላት እያሳየ ከአናት የሚቀመጡትን ሣጥን ሊያደርጋቸው ይችላል። የሣጥኑን የዩኒኮድ ቁጥር በአሥር ቤት አቆጣጠር ይመልከቱ፤ ከ11264 እስከ 11359 ከሆነ ዋና ፊደል ነው፣ ከ122880 ጀምሮ ባሉት 48 ቦታዎች ውስጥ ከሆነ ግን የአናት ፊደል ነው። እነዚህ የአናት ፊደላት በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በባይት የሚቀመጡበት ዘዴ) አራት ባይት ስለሚወስዱ፣ ከሦስት ባይት በላይ የማይቀበል አሮጌ የመረጃ ቋት ሊያጠፋቸው ይችላል። (አማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደላት በሦስት ባይት ስለሚያልቁ፣ ቋቱን በአማርኛ ብቻ የፈተነ ሰው ጉድለቱን አያገኘውም።)

በሲሪሊክ መተካቱ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ቁጥሮችን ነው። ሁለቱም ጽሕፈቶች ፊደልን እንደ ቁጥር ይጠቀማሉ፤ ሆኖም ግላጎሊቲክ የሚቆጥረው በራሱ የፊደል ተራ ሲሆን፣ ሲሪሊክ የግሪክን ተራ ይከተላል። በግላጎሊቲክ አዝ 1፣ ቡኪ 2፣ ቬዲ 3፣ ግላጎሊ 4፣ ዶብሮ 5 ነው። በሲሪሊክ ደግሞ ቡኪ የቁጥር ዋጋ ስለሌለው ቬዲ 2፣ ግላጎሊ 3፣ ዶብሮ 4 ይሆናል። እኔና አንድ ባልደረባዬ የመዝሙረ ዳዊትን ገጾች በፕሮግራም ወደ ሲሪሊክ ስንቀይር፣ 3ኛው መዝሙር 2ኛ ተባለ፣ የ2ኛው ቁጥር ምንም ዋጋ የሌለው ፊደል ሆነ፣ 8ኛው ደግሞ 6ኛ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ አንድ ወጥ ስላልሆነ፣ አንድ እየደመሩ ማረምም አልተቻለም። በዚያ ላይ በቀደምት ጽሑፎች ለኢ ድምፅ የሚያገለግሉት የተለያዩ የግላጎሊቲክ ቅርጾች ሦስት ሲሆኑ፣ በሲሪሊክ የሚጠብቋቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጸሐፊው የትኛውን እንደመረጠ ከሲሪሊኩ ተመልሶ ማወቅ አይቻልም።

የቡልጋሪያው ክብ ቅርጽና የክሮኤሺያው ማዕዘናማ ቅርጽ በዩኒኮድ የሚጋሩት አንድ ቁጥር ስለሆነ፣ ልዩነቱን ለፎንቱ ይተዉለት። ጥንታውያን ጸሐፍት ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ ዛሬው ስለማይለዩ፣ እኔ የጽሑፉን አካል በሙሉ በትንሹ ፊደል እጽፋለሁ።

ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ፣ የግላጎሊቲክን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የሚጭኑ ፎንቶችም ቢያገኙ ይለፏቸው። በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ እንደሚሆን የምናስታውስ ሰዎች ይህን ለማመን ማስረጃ አንሻም።

አንባቢዎችዎ ሲሪሊክ የግድ ከፈለጉ፣ ዋናውን በግላጎሊቲክ ያስቀምጡና ሲሪሊኩን ከእሱ እንደ ሁለተኛ ቅጂ ያውጡት። ከመቀየርዎ በፊት ግን ጸሐፊው ብዙ ጊዜ በነጥቦች መካከል የሚያስቀምጣቸውንና ከላይ መስመር የሚያደርግባቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው፤ ይህን ፕሮግራሙ ብቻውን አይሠራልዎትም።