ካስት ክራንክ ሻፍት፣ ያበጠ የፍሬን ጎሚኒ እና ካርቶን ላይ የተጻፈ «ፓተንት»

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጠናል። ሦስቱም የመኪና ዕቃ ለምን ይበረክታል፣ ለምንስ ይከዳል የሚለውን ይነካሉ።

ጥያቄ፦ መካኒክ ነኝ። ክራንክ ሻፍት፣ የፒስተኖቹን ግፊት ወደ መዞር የሚለውጠው የሞተር ዘንግ፣ መቀየር ሲያስፈልግ ደንበኛ «ካስት ከሆነ አልፈልግም፣ ይሰበራል፤ ተቀጥቅጦ የተሠራውን አምጣልኝ» ይለኛል። ዋጋው ግን አይገናኝም። ካስት እውነት ደካማ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደንበኞችህ የሚፈሩት ነገር በአንድ ወቅት እውነት ነበር። ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈሰው ብረት፣ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካርቦን አለበት። ብረቱ ሲቀዘቅዝ አብዛኛው ካርቦን ግራፋይት ሆኖ ይለያል። በተራው ካስት አይረን ውስጥ ይሄ ግራፋይት ስስ ቅጠል ይመስላል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ብረቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ተቀምጦ የሚጠብቅ ስንጥቅ በለው። ጫፉ ሹል ስለሆነ ጭነት ሲመጣ ጫናው ሁሉ እዚያች ጫፍ ላይ ይከማችና ብረቱ ሳይለጠጥ፣ ምልክት ሳይሰጥ ቀጭ ይላል። እንዲህ ባለ ብረት የተሠራ ክራንክ ሻፍት ቢፈራ አይገርምም።

ነገሩን የቀየረው ኪት ሚሊስ የሚባል አሜሪካዊ የብረታ ብረት ባለሙያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሮሚየም እንዳያጥር ተፈርቶ ነበር። ኢንተርናሽናል ኒኬል የሚባለው ኩባንያ፣ የሚሊስ አሠሪ፣ ቶሎ የማያልቅ ካስት አይረን ለመሥራት በክሮሚየም ምትክ ምን ሊገባ ይችላል ብሎ ምርምር ያዘ። ሚሊስ ከሞከራቸው ነገሮች አንዱ ማግኒዚየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ማግኒዚየም የገባበትን ብረት ሲያዩት ያልጠበቁት ጥንካሬ ነበረው፤ ውስጡን ሲመረምሩትም ግራፋይቱ ቅጠል መሆኑ ቀርቶ ድብልብል ኳስ ሆኗል። ኳስ ሹል ጫፍ የለውማ! ስንጥቁ የሚነሳበት ቦታ አጣ። ተራው ካስት አይረን ሲጎተት 1 በመቶ እንኳን ሳይለጠጥ ይበጠሳል፤ ከአዲሱ ዓይነት ለስላሳው ግን እስከ 18 በመቶ ይለጠጣል። ፓተንቱ፣ ማለትም የፈጠራው ባለቤትነት መብት፣ የወጣው ጥቅምት 25 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ነው፣ በሚሊስና በሁለት ባልደረቦቹ በጋግነቢንና በፒሊንግ ስም። እንግሊዞችም በዚያው ሰሞን በሴሪየም ተመሳሳይ ውጤት አግኝተው ነበር፣ ዓለም ላይ የገነነው ግን የማግኒዚየሙ መንገድ ነው። ብረቱ ዳክታይል አይረን ይባላል።

እኔን እስከዛሬ የሚደንቀኝ መጠኑ ነው። ያለቀለት ብረት ውስጥ የሚቀረው ማግኒዚየም 0.04 በመቶ አካባቢ ነው፣ በ100 ኪሎ ብረት 40 ግራም መሆኑ ነው። ይቺን ትንሽ ነገር ማስገባት ግን ቀላል እንዳይመስልህ። ማግኒዚየም በ1,090 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ የቀለጠው ብረት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ገና ሲነካው ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይነዳል፣ አብዛኛው ተቃጥሎ ይሄዳል። ከገባም በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ካልፈሰሰ ኃይሉ እየደከመ ግራፋይቱ ወደ ቅጠልነቱ ይመለሳል። ብረቱ ውስጥ ሰልፈር ከበዛም ማግኒዚየሙን ይበላዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ካስት ነው ወይ» ሳይሆን «ማን አፈሰሰው፣ ማንስ መረመረው» መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥራህ እንምጣ። ብዙ የቤንዚን የቤት መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ክራንክ ሻፍታቸው ዳክታይል አይረን ነው፤ ከባድ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን ተቀጥቅጦ የተሠራ ስቲል ታገኛለህ። ፋብሪካው ምን እንዳስገባ እይና ያንኑ መልስ። ለመለየት ያልተላገውን ጎን ተመልከት፦ ቅርጹ የተጋጠመበት መስመር ቀጭን ከሆነ ካስት ነው፣ ሰፊና የተሞረደ ከሆነ የተቀጠቀጠ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የሚልገው ሰው ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ ሲልግ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ክብ ማዕዘን አጥፍቶ ሹል አድርጎ ከመለሰልህ፣ ከሚሊስ ብረትም ይሁን ከስቲል ይሠራ፣ ይሰበራል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ጥግ ነው። ብዙ ደንበኛ ካስትን የሚረግመው በዚህ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። የፍሬን ሲሊንደር ጎሚኒ፣ ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘውን ላስቲክ፣ የገዙ ሰዎች ሳምንታት ሳይቆይ አብጦ ይመልሱልኛል። «ፎርጅድ ሸጠሽልን» ይሉኛል። ከዚያው ካርቶን የወሰዱ ሌሎች ግን ምንም አላሉም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከአንድ ካርቶን ወጥቶ ግማሹ ደህና ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የገጠመውን ሰው ነው። ላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ቻርለስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1844 ፓተንት ያወጣበት ዘዴ፣ ጥሬ ላስቲክን ከሰልፈር ጋር ማሞቅ፣ በሙቀት የሚጣበቀውንና በብርድ የሚደርቀውን ነገር ሁሌ የሚለጠጥ አደረገው። ሰውዬው ራሱ ከነዕዳው ነው የሞተው፤ በስሙ የሚጠራው የጎማ ፋብሪካ የተቋቋመው ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ነው፣ ከእሱ ጋርም አይገናኝም። ያም ሆኖ ያ ላስቲክ ዘይት ሲነካው ያብጥ ነበር። ዘይት የሚችለው ናይትራይል የተባለው ላስቲክ የመጣው በጀርመን ኬሚስቶች ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ብዙ «ኦይል ሲል»፣ ማለትም የሞተር ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽግ ላስቲክ፣ ከሱ ይሠራል።

ፍሬን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት የፍሬን ዘይቶች ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት አይደሉም። ናይትራይልን ይጎዳሉ። ስለዚህ የፍሬን ጎሚኒ ብዙውን ጊዜ ኢፒዲኤም ከሚባል ላስቲክ ይሠራል፤ ኢፒዲኤም ደግሞ በተራው ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል። መካኒኩ ሲሊንደሩን በቤንዚን አጥቦ ወይም ጎሚኒውን በግሪስ ቀብቶ ከገጠመ፣ ኦሪጂናሉም አይተርፍም። ለገዢ ሁሉ «በፍሬን ዘይት ብቻ እጠቡ፣ እሱኑ ቀብታችሁ ግጠሙ» በዪ። አብጦ የመጣ ካለ ደግሞ አንዱን ጎሚኒ ቀይሮ መሄድ አይበቃም። ዘይቱ ተበክሏል፤ መስመሩ በሙሉ መታጠብ፣ የነካው ላስቲክ ሁሉ መቀየር አለበት። ፍሬን ነውና በዚህ አትደራደሪ።

ጥያቄ፦ ብረት የማቅለጥ ሥራ አለኝ። ውጭ አገር የተሠራ አንድ ዕቃ ካርቶኑ ላይ «ፓተንት ያለው» ይላል። ይሄ የጥራት ማረጋገጫ ነው? እኔ እዚህ ብሠራውስ እከሰሳለሁ?

መልስ፦ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ፓተንት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የሚያየው ሐሳቡ አዲስ መሆኑን፣ የፈጠራ ብልጠት እንዳለው፣ ማለትም ለባለሙያ በቀላሉ የማይታሰብ መሆኑን፣ እና ሊሠራበት መቻሉን ነው። ስንት ዓመት ይበረክታል ብሎ አይፈትንም። ጥንካሬውን የሚነግርዎት የሙከራ ውጤት ነው፣ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የበለጠ ደስ አሰኝቶኛል። ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ውስጥ ብቻ ነው። አሜሪካ የተሰጠ ፓተንት እዚህ ካልተመዘገበ ኢትዮጵያ ውስጥ አያግድዎትም፤ ዕቃውን ፓተንቱ ወደሚጸናበት አገር ልላክ ካሉ ግን ይከሰሳሉ። ዕድሜም አለው። በእኛ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ከመጀመርዎ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደው ዕቃው እዚህ መመዝገቡን ያጣሩ። የንግድ ምልክቱን ግን እንዳይነኩ፣ ያ ሌላ መብት ነው።

ፓተንት ያገኘ ሰው ለመብቱ ምላሽ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችል መልኩ አሠራሩን ዘርዝሮ ጽፏል። ጊዜው ያለፈውን ማንም ይሠራበታል። ጉግል ፓተንትስ ላይ 2485760 ብለው ከፊቱ የአሜሪካን ምልክት ዩኤስ (US) ጨምረው ይፈልጉ፣ የሚሊስ ማግኒዚየም ከነመጠኑ በነፃ ይወጣልዎታል። ለእርስዎ ሙያ ከዚህ የተሻለ ንባብ አላውቅም። እየሠሩ ሳሉ የራስዎን ማሻሻያ ካገኙ ደግሞ አዋጁ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለው አለልዎት፦ አዲስ ከሆነና ሊሠራበት ከቻለ ይበቃል፣ እንደ ፓተንቱ የፈጠራ ብልጠት አይጠይቅም። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ማመልከቻውን ሳያስገቡ ግን ለማንም አያሳዩ።