መልስ፦ የተማሪዎችን የሙያ ምክር ፍላጎት በምን ላጥና?

ሰላም መምህር። ደብረ ሲና አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙያ ምክር ሥራ ተደርቦ እንደተሰጠዎት ነግረውኝ፣ የተማሪዎቹን ፍላጎት ለማወቅ መጠይቅ ብቻ ይበቃል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ለብቻው አይበቃም።

«ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ካሉ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት የሚል ክምር ወረቀት ይዘው ይቀራሉ። ምኞታቸውን እንጂ የጎደላቸውን አያሳይም። ይልቅ የሚያውቁትን ይፈትሹ፦ ነርስ ለመሆን 11ኛ ክፍል ላይ የትኛው ዘርፍ ይመረጣል? ስንት ዓመት ይፈጃል? ይህን ሙያ ሲሠራ በዓይንህ ያየኸው ሰው አለ? ባዶ የተተወው መስመር ነው ፍላጎታቸውን የሚነግርዎ።

10ኛን ከ12ኛ ለይተው ይጠይቁ። የ10ኛው ጭንቀት ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው፤ የ12ኛው «ካላለፍኩስ?» ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ምን እንደሚያስቡ ሳይጠይቁ እንዳያልፉ።

ከዚያ ሴቶቹን ለብቻ፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትንም ለብቻ ያወያዩ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ ጥያቄው የከተማው ልጅ ጥያቄ አይደለም። ስም አያስጽፉ። ወላጆችንም በገበያ ቀን ያግኙ፤ ስብሰባ ላይማ ሁሉም «ልጄ ይማርልኝ» ብሎ ነው የሚወጣው።

መጠይቁን ከመበተንዎ በፊት ለጥቂት ተማሪዎች ይሞክሩት፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሥነ ልቦና መምህራንም ቢያዩልዎ ጥሩ ነው።