አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሲሞላ ትርፉን በሽተኛ የት እናስተኛ?

ሲስተር፣ «ከአዳማ መውጫ አውቶቡስ ተገልብጦ ቁስለኛ ቢጎርፍና አይሲዩ ቢሞላ የት ላስተኛቸው?» ላልሽው፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ አጠገብ ያለው ሪከቨሪ ክፍል (ከኦፕራሲዮን የወጣ ሰው ከሰመመን የሚነቃበት) ውስጥ። ኦክስጅኑ፣ ሰክሽኑ (አክታና ፈሳሽ መምጠጫው)፣ ሞኒተሩ እዚያው አለ። አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕራሲዮን ይቁም፤ የሰመመን ማሽኑ እንደ ቬንትሌተር (መተንፈሻ ማሽን) ያገለግላል። የሰመመን ባለሙያው ግን ከአጠገቡ ንቅንቅ እንዳይል።

1. ቀድመሽ ከአይሲዩ የተሻላቸውን ወደ ዋርድ (ተራው የተኝቶ ታካሚ ክፍል) አውጪ። ኮሪደር ላይ አልጋ መደርደር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

2. አንዷ የአይሲዩ ነርስ ትምራ፣ የዋርድ ነርሶች ከሥሯ ይሥሩ። በሽተኛ ማገላበጡንና መድኃኒት መስጠቱን ተከፋፈሉት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል አልጋ ስንቆጥር ኦክስጅኑን ረሳነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲሊንደሩ አለቀ። ሙሉ ሲሊንደር አጠገባችን ቆሟል፣ መፍቻው ግን ስቶር ተቆልፎበታል፤ የስቶሩ ሰውዬ ቤቱ ተኝቷል!

ሂሳቡ ቀላል ነው። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 150 ባር ካሳየ፣ 40 በ150 ሲባዛ 6000 ሊትር ገደማ ይዟል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ አንድ ሰው 10 ሰዓት ይበቃል፤ አራት ሰው ከተካፈለው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ። መፍቻውን ደግሞ ሲሊንደሩ ላይ በገመድ እሰሪው።